ሥራን ማሳወቅ ሪያእ ነውን?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለአንባብያን እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)



 

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ርዕስ ከአንድ ቤት ክርክር የተነሣ ነው። በቅርቡ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ባልና ሚስት ወደ እኔ መጡ። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት፤ እሱ ባጃጅ ይነዳል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የሚኖሩትም በኪራይ ቤት ነው። ጉዳያቸው ፍቺ ወይም ውርስ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ኢማም የሚመጣው አብዛኛው ጉዳይ ይኸው ነውና። እነሱን ያከራከራቸው ግን በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የደረጃ ዕድገት ውጤት ነበር።

እህታችን በዚያ መሥሪያ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ ስትገባ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በየጥጉ ተከምሮ አገኘች። ማንም ሳያዛት መደርደሪያውን እንደገና አስተካከለች፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ቶሎ የሚያልፈው ከፊት፣ የሚቆየው ከኋላ እንዲሆን አደረገች። ወደ ላሬ፣ ወደ ጂካዎና ወደ አኮቦ የሚወስደው መንገድ በክረምት በውኃ እንደሚያዝ ስለምታውቅ፣ የወባው መድኃኒት ከግንቦት ሳያልፍ እንዲላክ በየዓመቱ ትወተውታለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ለማንም አልተናገረችም፤ በወረቀትም አላሰፈረችም። ባለፈው ዓመት በተደረገ ስብሰባ ላይ የክፍሉ ኃላፊ የብልሽቱ መጠን መቀነሱን የራሱ ሥራ አድርጎ ሲያቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሰማች። ዝም አለች። ከዚያም የዕድገት ውድድር ወጣ፤ ከእሷ በኋላ የተቀጠረ ሰው አለፈ። ኮሚቴውን ብትጠይቅ «ማኅደርሽ ውስጥ ምንም የለም» ተባለች።

ባልየው ተቆጥቷል። «ኡስታዝ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። እሷ ግን አትናገርም። ዝምታዋ የልጆቼን ጉሮሮ እየዘጋ ነው» አለኝ። እሷ አንገቷን ደፍታ ቆየችና «ሥራዬን አላህ ያውቀዋል። ሰው እንዲያውቅልኝ ብዬ ብናገር ሪያእ አይሆንብኝም? ለዚህች ዱንያ ብዬ የሰባት ዓመት አጅሬን ላቃጥል?» አለች።

ወገኖቼ! ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም። በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው በተለይ ዲናቸውን አጥብቀው የያዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በዚሁ ሐሳብ ይታመሳሉ። ሁለቱን መክሬ መሸኘት እችል ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ቤት የሚያንኳኳ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ዝግጅት ላይ ላነሣው ወደድኩ።

ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም

በመጀመሪያ ለእህታችን ፍርሃት ክብር መስጠት ይገባናል። ሪያእ ማለት በዒባዳ የሰውን ዓይን መሻት ነው፤ ሱምዓ ደግሞ የሰውን ጆሮ መሻት ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቂያም ቀን መጀመሪያ ስለሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች ነግረውናል። አንዱ በጦር ሜዳ የሞተ ነው፤ አንዱ ዕውቀት የተማረና ያስተማረ፣ ቁርኣን የቀራ ነው፤ ሦስተኛው ገንዘቡን የሰጠ ነው። ሦስቱም ጀግና፣ ዐሊምና ቸር ለመባል አስበው ስለሠሩ፣ ያሰቡትም በዱንያ ስለተባለላቸው፣ ወደ እሳት ይጎተታሉ። ይህን ሐዲስ ሰምቶ ልቡ የማይደነግጥ ሙእሚን የለም። ኢማሙ ገዛሊም በኢሕያእ ኪታባቸው ውስጥ ለዝና ፍቅርና ለሪያእ ራሱን የቻለ ክፍል የሰጡት በሽታው ረቂቅ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ እህታችን የፈራችው የሚፈራውን ነው። ስህተቱ የሚመጣው ፍርሃቱን ያለ ቦታው ስታስቀምጠው ነው።

አንድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ሁለት ረከዓ ቢሰግድ ያ በእሱና በጌታው መካከል ያለ ምስጢር ነው። ማንም የሚረከበው የለም። የግምጃ ቤት ሥራ ግን ደሞዝ የተከፈለበት ውል ነው። መድኃኒቱ የእሷ አይደለም፤ ጊዜዋም ከጠዋት እስከ ማታ በውል የተሸጠ ነው። ስለዚህ «ይህን ተረከብኩ፤ ይህን አወጣሁ፤ ይህ ቀረ፤ ይህ ተበላሸ» ማለት ርክክብ ነው። ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚሞላው ለምንድን ነው? ሞዴል 19 የሞላን ሰው «ሪያእ ሠራህ» የሚለው አለን? እንግዲያው የካርቶኑ ቁጥር በወረቀት ሲሰፍር አማና ከሆነ፣ ካርቶኑን ከብልሽት ያዳነው አሠራር በወረቀት ሲሰፍር ስለምን ኃጢአት ይሆናል?

አንዳንድ አድማጭ «ኒያ ካለ ሥራም ዒባዳ ነው ብላችሁ አስተምራችሁን የለምን?» ሊል ይችላል። አዎን፣ ብለናል። ወደ ሥራ ስትሄድ ልጆቼን ከሐላል ላበላ፣ የታመመ ሰው መድኃኒት ሳያገኝ እንዳይቀር ብለህ ካሰብክ አጅር ታገኛለህ። ያ ሐሳብ በልብህ ይቀመጥ፤ ለአለቃህ «እኔ ለአላህ ብዬ ነው የምሠራው» እያልክ አትንገረው። መደበቅ ያለበት ኒያው ነው። ቆጠራውን ግን ባለቤቱ ሊያየው መብቱ ነው። ምጽዋትን እንኳ በሱረቱል በቀራ (2፡271) አላህ በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ለድሆች በስውር መስጠት ግን ይበልጥ መልካም መሆኑን አስተምሮናል፤ ግልጹን ሐራም አላደረገውም።

የቀደሙት ዛሂዶች ሌላም ነገር አስተውለዋል። ፉደይል ኢብን ዒያድ (ረሒመሁላህ) ለሰው ብሎ መሥራት ሽርክ ሲሆን ለሰው ብሎ መተውም ሪያእ እንደሆነ አስተምረዋል። እህታችን «ሰዎች ትመጻደቃለች ይሉኛል» ብላ የሥራ ሪፖርቷን ካልጻፈች፣ ልቧ የሚያየው አሁንም ሰዎችን ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚህ አቅጣጫ አስባው አታውቅም ነበር።

ኢማሙ ነወዊ የለዩት

ኢማሙ ነወዊ አል-አዝካር በተሰኘው ኪታባቸው ውስጥ አንድ ሰው የራሱን መልካም ነገር ስለ መናገሩ ርዕስ ከፍተው ጽፈዋል። ነገሩን ሁለት ቦታ ከፈሉት። ለኩራት፣ ከእኩዮች በላይ ሆኖ ለመታየትና ለመሳሰለው የሚደረገው የተወገዘ ነው። ዲናዊ ጥቅም ሲኖርበት፣ ማለትም ሰውየው ሲያስተምር፣ ሲመክር፣ ሲያስታርቅ ወይም ጉዳትን ከራሱ ሲከላከል፣ ንግግሩ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብሎ የሚናገረው ግን የተወደደ ነው። ለዚህም ከነቢያትና ከሶሓቦች ማስረጃ አቅርበዋል። ከእነዚያ ማስረጃዎች መካከል የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታሪክ ለዛሬው ርዕሳችን እጅግ ስለሚቀርብ ሰፋ አድርጌ ላቅርበው።

ሰዕድ ማን ናቸው? በጀነት ከተበሠሩት ዐሥር ሶሓቦች አንዱ፣ በቃዲሲያ የሙስሊሙን ጦር የመሩ ናቸው። ኩፋ የምትባለዋ ከተማ በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ በእሳቸው እጅ ተቆረቆረች፤ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በዚያች ከተማ ላይ ሾሟቸው። ኩፋ ከተለያየ ጎሣ የመጡ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የሰፈሩባት አዲስ ከተማ ነበረች። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ሰው ሰውን ገና አያውቅም፤ ወሬም ይፈጥናል። የከተማዋ ሰዎች በሰዕድ ላይ ለዑመር አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ጭራሽ «ሶላት እንኳ በደንብ አያሰግድም» እስከ ማለት ደረሰ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ዑመር (ረ.ዐ) ጠሯቸውና የተባለውን ነገሯቸው። እዚህ ላይ የሰዕድን መልስ አስተውሉ። «አላህ ያውቃል» ብለው ዝም አላሉም። «እኔን ነው ወይ?» ብለውም አልፎከሩም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ምንም ሳያጎድሉ እንደሚያሰግዱ ገለጹ፤ ቀጥሎም በዒሻእ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረከዓዎች እንደሚያስረዝሙ፣ የኋለኞቹን ሁለት እንደሚያሳጥሩ ዘርዝረው አስረዱ። ሰዕድ «እኔ ጥሩ ኢማም ነኝ» አላሉም፤ የሚለካ፣ የሚጣራ ነገር ተናገሩ። ዑመርም በእሳቸው ላይ ያላቸው ግምት ይኸው እንደነበር ነገሯቸው።

ዑመር ግን በግምት አልቆሙም። ሰዎች ወደ ኩፋ ልከው በየመስጂዱ እየዞሩ ስለ ሰዕድ እንዲጠይቁ አደረጉ። አንድም መስጂድ አልቀረም። ሁሉም መልካም መሰከሩ። በአንድ መስጂድ ብቻ አንድ ሰው ተነሥቶ ሰዕድ ከጦሩ ጋር አይወጡም፣ ሲያካፍሉ አያስተካክሉም፣ ሲፈርዱ ፍትሕ የላቸውም ብሎ ከሰሰ። ሰዕድ በዚያ ሰው ላይ፣ ውሸታም ከሆነና ለዝና ብሎ ከተነሣ፣ ዱዓ አደረጉ። ዱዓውም እንደደረሰበት ሐዲሱ ይነግረናል።

በሌላ ዘገባ ደግሞ ሰዕድ በአላህ መንገድ ላይ ቀስት የወረወሩ የመጀመሪያው ዐረብ መሆናቸውን፣ የዛፍ ቅጠል እየበሉ መዝመታቸውን አስታውሰዋል። ይህን ያነሡት ሰዎች ዲናቸውን በነቀፉባቸው ጊዜ ነበር። ሳይነቀፉ በፊት በየገበያው ሲናገሩት አልተሰማም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዑመር ለከተማዪቱ ሰላም ሲሉ ሰዕድን ከሹመት አነሡ። እውነት ተናግሮ፣ ምስክር ተሰምቶለት እንኳ ቦታውን ያጣ ሰው አለ ማለት ነው። ሆኖም ዑመር በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በጩቤ ተወግተው በሞት አልጋ ላይ ሳሉ፣ ተተኪውን ኸሊፋ ከሚመርጡት ስድስት ሰዎች አንዱ ሰዕድ እንዲሆኑ አደረጉ። ሰዕድን ያነሷቸውም ስለማይችሉ ወይም ስለከዱ እንዳልነበረ በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። የሰውየውን ስም አጽድተው ሞቱ። በሥራችሁ ሰው የምታስተዳድሩ አለቆች ሆይ፣ ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። የሠራተኛን ሥራ በስሙ መናገር የአለቃ ዕዳ ነው፤ ኸሊፋው ደማቸው እየፈሰሰ እንኳ ዕዳውን ሳይከፍሉ አልሄዱም።

እኛ የምንኖርባት ጋምቤላም የብዙ ሕዝብ ቤት ናት። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው፣ ከሌላ የአገራችን ክፍል የመጣውም በአንድ ቢሮ ይሠራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በክልሉ ያለው ሙስሊም ከ100 ሰው 5 እንኳ አይሞላም ነበር። ሰው ዕድገት ባገኘ ቁጥር «ወገኑ ነው የሳበው» የሚል ሐሜት በሚነሣበት ቦታ፣ የሥራ መዝገብ ያለው ሰው ራሱንም አለቃውንም ከሐሜት ያድናል። መዝገብ የሌለው ግን ቢያልፍም ይታማል፤ ቢወድቅም የወደቀበትን ምክንያት አያውቅም።

ከፉከራና ከደጅ ጥናት ውጭ

በአገራችን ሥራን የማሳወቅ ልማድ አዲስ አይደለም። በድሮው ዘመን ከዘመቻ የተመለሰ ጦረኛ በገዢው ፊት ቀርቦ ግዳዩን እየቆጠረ ይፎክር ነበር። መፎከር ያልሆነለት ደግሞ ደጅ ይጠናል፤ ጌታው ሲወጣ ሲገባ እንዲያየው ከበር ላይ ወራትን ይቆማል። ሁለቱም ዛሬ በቢሮ ውስጥ አሉ፤ ልብሳቸውን ብቻ ነው የቀየሩት። በስብሰባ ሁሉ እጁን የሚያወጣው ፎካሪ፣ በየበዓሉ የአለቃን ቤት የሚያዘወትረው ደጅ ጠኚ ነው። ሙስሊም ሁለቱንም አይቶ ሲጠየፍ ወደ ሦስተኛው ጥግ፣ ወደ ፍጹም ዝምታ፣ ይሸሻል።

ከዝምታው ይልቅ የሁድሁድን መንገድ እንመልከት። በሱረቱ ነምል እንደተነገረን ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ወፎቹን ሲቃኙ ሁድሁድን አጡ፤ ያለ ምክንያት ከቀረ እንደሚቀጡትም ተናገሩ። ሁድሁድ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ንጉሡ ያላወቁትን ነገር እንዳወቀ፣ ከሰበእም እርግጠኛ ዜና ይዞ እንደመጣ ገለጸ፤ ከዚያም ያየውን በዝርዝር አቀረበ። ሱለይማንስ ምን አሉ? እውነት መናገሩን እናጣራለን አሉና ደብዳቤ አስይዘው መልሰው ላኩት። አንዲት ወፍ በዚያ ታላቅ ሠራዊት ውስጥ ሆና ሥራዋን ተናገረች፤ የተናገረችው የሚጣራ ስለሆነም ተሰማች። ሁድሁድ በትሕትና ዝም ቢል ኖሮ የሚጠብቀው ቅጣት ነበር።

እዚያው ሱራ ውስጥ ስለ ንግሥቲቱ ዙፋን የተወራውም ለቢሮ ሰዎች ትምህርት አለው። የጂኑ ዒፍሪት ኃይለኛና ታማኝ ነኝ ብሎ ሱለይማን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ዙፋኑን እንደሚያመጣ ተናገረ። የመጽሐፍ ዕውቀት ያለው ግን ዓይን እስኪርገበገብ ባለ ጊዜ አመጣው። ሱለይማንም ነገሩን የጌታቸው ችሮታ መሆኑን ተናገሩ እንጂ ለራሳቸው አላደረጉትም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚናገርልህ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይህ ከሁሉ ይሻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከነብይነት በፊት የኸዲጃን (ረ.ዐ) ንግድ ይዘው ወደ ሻም ሲሄዱ አብሯቸው የነበረው አገልጋይዋ መይሰራ ነበር። ያየውን ታማኝነትና ጠባይ ተመልሶ ለኸዲጃ የነገራት እሱ ነው። በመድየንም ሙሳን (ዐ.ሰ) ቅጠራቸው ብላ ለአባቷ ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን የመሰከረችው ልጅቱ ናት። መስካሪ ግን የሚገኘው ሥራህን በቅርብ ያየ ሰው ሲኖር ነው፤ ግምጃ ቤት ቆልፈህ ብቻህን የምትሠራ ከሆነ ማን ይይህ?

ድንበሩ የት ነው?

እዚህ ላይ ባልየው ደስ ብሎት «በል ተናገሪ ተብለሻል» ሊል ሲዳዳው ያዝ አደረግኩት። ድንበር አለውና።

የመጀመሪያው ድንበር ውሸት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን ተሰጠኝ ብሎ የሚታይን ሰው ሁለት የውሸት ልብስ ከለበሰ ጋር አመሳስለውታል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራንም (3፡188) ባልሠሩት ሥራ መመስገን የሚወዱ ሰዎች ከቅጣት እንደማያመልጡ ተነግሯል። የእህታችንን ሥራ በስሙ ያቀረበው አለቃ ይህን አንቀጽ ቢያነበው እወድ ነበር። ግን እኛም እንጠንቀቅ! መድኃኒቱን ወረዳ ድረስ ያደረሰው ሹፌር፣ ካርቶኑን የተሸከመው የጉልበት ሠራተኛ፣ ደብዳቤውን የጻፈችው ጸሐፊ አሉ። ስማቸው ከወረቀቷ ላይ ከቀረ የኃላፊው ዓይነት በደል እሷም ፈጸመች ማለት ነው። ያ ሹፌር ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን፣ ኑዌር ሆነ አኙዋ፣ ሐቁ ሐቅ ነው። ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን እንዳላመሰገነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ሁለተኛው ሹመትን መመኘት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን ኢብን ሰሙራን (ረ.ዐ) ሹመት እንዳይጠይቁ መክረዋቸዋል፤ አቡ ዘርንም (ረ.ዐ) ሹመት አማና መሆኑን፣ እሳቸውም ለዚያ ደካማ መሆናቸውን ነግረዋቸዋል። ታዲያ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤቶች እንዲይዙ ራሳቸው ጠይቀው፣ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንስ መናገራቸው (12፡55)? ዑለሞች እንዳብራሩት ዩሱፍ የተናገሩት ድርቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሥራውን እንደ እሳቸው የሚያውቅ በሌለበት ነው። የተናገሩትም ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ነቢይነታቸው፣ ስለ መልካቸው ወይም ስለ ዘራቸው አላነሡም። የእኛ እህትም የግምጃ ቤት ሰው ናት፤ ስለዚህ ይህ አንቀጽ ለእሷ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ልክ ማጣት ነው። ታላቁ ዐሊም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ (በ911 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት) የአላህን ጸጋ ስለ መናገር በሚል ርዕስ የራሳቸውን ሕይወትና ሥራዎች የዘረዘሩበት መጽሐፍ ጽፈዋል። የርዕሱ ሐሳብ የተወሰደው የጌታን ጸጋ መናገርን ከሚያዝዘው ከሱረቱ ዱሓ መጨረሻ ነው። በዚህ መጽሐፍ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀማሉ። ሆኖም በዘመናቸው እንደ ሰኻዊ ያሉ ዐሊሞች ሱዩጢ ራሳቸውን ከፍ አደረጉ ብለው ክፉኛ ነቅፈዋቸዋል። የማን ሐቅ እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ ለእኔ ግን የሁለቱም ወገን ትምህርት ይታየኛል። ዐሊም እንኳ ሥራውን ሲቆጥር ጎረቤቱን ካስቀየመ፣ እኛ ምላሳችንን አብልጠን መግራት አለብን።

በእጅ የሚሠራው

ጋምቤላ ራሷ የወረቀትን ዋጋ የምታውቅ ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ የባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ ሆነ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከኻርቱም ይመጣና ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ጣቢያው በአብዛኛው በእንግሊዞች እጅ ቆየ። በእንዲህ ያለ ንግድ ላኪው ከጭነቱ ጋር አይሳፈርም፤ ስለ ኪሎው የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነው። አላህም (ሱ.ወ) በቁርኣን ረጅሙን አንቀጽ (2፡282) ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር አውርዶታል።

ስለዚህ ለእህታችን የነገርኳት ይህን ነው። አንድ ደብተር ያዢ። በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከመውጣትሽ በፊት፣ ዐሥር ደቂቃ ወስደሽ የሠራሽውን በቀን፣ በቁጥርና ከነተባባሪው ስም ጻፊ። «በትጋት ሠርቻለሁ» የሚል ቃል አትጻፊ፤ እሱ ፉከራ ነው። «በግንቦት ወር ለሦስት ወረዳ ይህን ያህል ካርቶን መንገድ ሳይዘጋ ወጣ፤ ሹፌሩ እገሌ» በይ። በየወሩ መጨረሻ ከደብተሩ አንድ ገጽ አውጥተሽ ለኃላፊሽ በደብዳቤ ስጪ፤ በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፤ ቀሪውን ለራስሽ አስቀሪ። በስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ያኔ ለማስታወስ አትቸገሪም፤ የሞላልሽም ሰው አልሰማሁም ሊል አይችልም። ኃላፊሽ ሥራሽን በስሙ ካቀረበ በስብሰባ መሐል አታዋርጂው፤ ለብቻው አግኝተሽ ወረቀቱን አሳዪው። ካልተመለሰ የቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ። ቅሬታ ማቅረብ ሐሜት አይደለም፤ ዑመርም አቤቱታ ሲቀርብላቸው «ለምን ተናገራችሁ» አላሉም፤ አጣሩ እንጂ።

በዕርዳታ ድርጅቶች ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። ክልላችን ከደቡብ ሱዳን የመጡ ብዙ ስደተኞችን በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉዬልና በፑኚዶ መጠለያዎች ያስተናግዳል፤ ብዙ ቤተሰብም ከዚያ ሥራ ይበላል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቋረጥ በመላው አገሪቱ ብዙ ሠራተኛ ኮንትራቱ ተቋረጠበት። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ የሠሩትን የሚመሰክር አለቃ ፍለጋ መንከራተት ከባድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅም ሆነ ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ማፈሪያ አይደለም።

እህቶቻችን በተለይ ሐያእን ከዝምታ ጋር አታምታቱ። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው፤ ከሐራም ይከለክላል እንጂ ከሐቅ አይከለክልም። የአንሷር ሴቶች ዲናቸውን ከመጠየቅ ሐያእ ስላልከለከላቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አመስግነዋቸዋል። ደሞዝሽ ለልጆችሽ ወተት፣ ለእናትሽ መድኃኒት ከሆነ፣ ሐቅሽ ሲወሰድ ዝም ማለትሽ የእነሱንም ሐቅ መተው ነው። ባሎችም በቁጣ አትገፏቸው። ማታ ልጆቹን ይዛችሁ ደብተሩን የምትጽፍበት ዐሥር ደቂቃ ብትሰጧቸው ከቁጣው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ይህን ስል ባልየው ሳቀ፤ ሚስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። አዲስ ውድድር ወጥቶ ማመልከቻ እያዘጋጀች ነበር፤ እኔም እንዳየው አንድ ገጽ ተኩል ጽፋ አመጣች። ሰባት ዓመቱን ከሞዴሎቹና ከግምጃ ቤት ካርዶቹ ላይ እየፈለገች በቁጥር አውጥታዋለች። የሹፌሩና የሁለት የጉልበት ሠራተኞች ስም አለበት። ወደ መጨረሻው ላይ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ እያወቀች ካርቶኖቹን ሳታነሣ በመቅረቷ በአንድ የክረምት ሌሊት የተበላሸ መድኃኒት መኖሩን ጽፋለች። ባልየው «ኡስታዝ፣ ይህቺን ይሰርዟት፤ ማን ይጽፋል በራሱ ላይ?» አለኝ። እሷ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው። «ይህች ከሌለች ያኛውን ሁሉ ለአላህ ብዬ እንደጻፍኩት በምን አውቃለሁ?» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ማመልከቻዋን አስገብታለች። ውጤቱ ገና አልተለጠፈም።